ዝም ያለ ኮድ

ባለፈው ሳምንት የአንድ ትምህርት ቤት መመዝገቢያ ድረ ገጽ «ትንሽ ነገር ናት፣ እያት እስቲ» ተብሎ እጄ ላይ ወደቀ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ መብራት ሳይጠፋ ልጨርስ ብዬ ከፈትኩት። እንደ ጥምቀት ቀሚስ ነጭ። ስህተት የለ፣ ፊደል የለ። ኮዱን ስገልጠው በየመስመሩ ያቺ ኢሜይል አድራሻ መሃል የምትጠቀለለው አት።

መቼም ታውቋታላችሁ። ፒኤችፒ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ቋንቋ ትእዛዝ ፊት ከተለጠፈች ማስጠንቀቂያውን አፉን ታስይዘዋለች። ፋይሉ የለም? ዝም። ዳታቤዙ እምቢ አለ? ዝም። ስህተት የሚመዘገብበት ሎግ ላይ እንኳ አይጻፍም። እንዴት ያለ ጨዋ አስተዳደግ ነው!

ጥበቡን ግን የቃሊቲ ሚኒባስ ሾፌሮች ቀድመው ደርሰውበታል። አንድ ቀን ጋቢና ተቀምጬ የዘይቷ ቀይ መብራት በራች። ሾፌሩ ኪሱ ገብቶ ፕላስተር አወጣ፣ የቁስል ፕላስተር፣ ለጠፈባት። «አሁን ሰላም ነው» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ የሙቀቱ በራ። ለጠፈ። ረዳቱ «የበሩም በርቷል» ቢለው ፕላስተሩ አልቋል፣ የሎተሪ ቁራጭ በማስቲካ ለጠፈበት። ዳሽቦርዱ ድንገተኛ ክፍል መሰለ። ከኋላ አንዲት እናት «ልጄ፣ የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል» ሲሉ መስኮት እንዲከፍቱ ተነገራቸው። ከፈቱ። አቃቂ ስንደርስ ሞተሩ አንዴ አቃሰተና ቀጥ። ሾፌራችን ወርዶ፣ ጭሱን በእጁ እያባረረ፣ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ይገርማል፣ ምንም ምልክት ሳያሳይ!»

እኛም ጋ እንዲሁ ነው። ድሮ አት ፕሮግራሙን የሚገድለውን ስህተት ጭምር ታፍን ነበር፤ ሬሳውም ነጭ ገጽ ነው። በ2020 በፈረንጆቹ የወጣው የፒኤችፒ ስሪት 8 ይህንን ከለከላት፤ ገዳይ ስህተት ከእንግዲህ አይታፈንም። የእኛ ሊቃውንት ታዲያ ስሪቱን አላሳደጉም። «አዲሱ ኤረር ያበዛል» ብለው።

እዚህ ጋ ቀልዱ ይቅር። ወላጆች በሞባይል ዳታቸው የልጆቻቸውን የልደት ሰርተፊኬት ጭነዋል። ዲስኩ ሞልቶ ስለነበር አንዱም አልተቀመጠም። ፋይሉን የሚያስቀምጠው መስመር ፊት አት አለች፣ ተቀመጠ ወይ ብሎ የጠየቀም የለም፤ ቀጥሎ ያለው መስመር «ምዝገባዎ ተሳክቷል» ይላል። በማግስቱ ከኮዬ ፈጬ ሥራ አስፈቅደው የመጡ እናት መስኮት ላይ «ፋይልዎ የለም» ተባሉ። ይሄ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው! አውቆ የጻፈው ሰው አለ፣ ተከፍሎታልም።

ማታ አቶቹን እየነቀልኩ አወጣኋቸው። ማስጠንቀቂያው እንደ ክረምት ጎርፍ ወረደ፣ እኔም ደስ አለኝ፣ ቢያንስ የታመመው የት እንደሆነ ታወቀ። ጠዋት ባለቤቱ ደወሉ።

«ምነው አበላሸኸው? በፊት እኮ ንጹህ ነበር!»