እኛ ግን ተከፋፍለን ነበር
በ2008ቱ የዴሞክራቶች የዕጩ ፉክክር የዋሽንግተን አካባቢ ሐበሻ «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከኦባማ ጋር ነበር» የሚለው ልክ አይደለም። ያኔ ቨርጂኒያ ውስጥ ታክሲ እነዳ ነበር፤ ተራ ስንጠብቅ ግማሾቻችን የተፎካካሪው የሂላሪ ክሊንተን ደጋፊዎች ነበርን፣ እኔም ጭምር። «ነጮች ጥቁር አይመርጡም፣ ድምፃችሁን አታባክኑ» እያልኩ ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ ከጓደኞቼ ጋር እሟገት ነበር። አፌን ያስዘጋኝ ኦባማ ያሸነፈበት የጃንዋሪ 3ቱ የአይዋ ውጤት ነው፤ ያውም ነጭ የሚበዛበት ግዛት! ፌብሩዋሪ 12፣ የእኛ አካባቢ ተራ ሲደርስ፣ ድምፄን ለኦባማ ሰጠሁ። ከሁላችንም በላይ ለኦባማ ሲጮኽ የከረመው የሜሪላንዱ ባልንጀራችን ግን እዚያ የሚመርጠው በፓርቲው የተመዘገበ ብቻ ስለሆነና እሱ ስላልተመዘገበ ሳይመርጥ ተመለሰ፤ እስከ ዛሬ እንስቅበታለን። በዚህ ፉክክር «ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል» ለሚሉ ደግሞ፦ ኔቫዳ ላይ ሂላሪ 51 በመቶ አግኝታ በዕለቱ ስሌት 12 ልዑካን (በፓርቲው ጉባኤ ዕጩውን የሚመርጡ ተወካዮች) ሲደርሷት ኦባማ 13 ወስዷል።