ክንዱ ለማይዝለው ጀግና

ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ ቀኝ ክንድ ሐውልት ይገባዋል። ሰውዬው ይቅር፣ ክንዱ ብቻ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ወደ ሰማይ ተዘርግቶ አልታጠፈም፣ አልተንቀጠቀጠም። ማኅሌት የሚቆም ደብተራ እንኳ መቋሚያ ይደገፋል። የእኛ ጀግና ግን ያለ መቋሚያ፣ ስልኩን ከአናቱ በላይ አድርጎ፣ አንድ ኮንሰርት ከነጭብጨባው ቀርጾ ወጣ።

ቦታው ሎስ አንጀለስ፣ ሆሊውድ ቦውል ነው። በፈረንጆቹ ከ1922 ጀምሮ ኮረብታ ሥር ሙዚቃ የሚደመጥበት፣ ወደ 17,500 ሰው የሚይዝ፣ ጣራው ሰማይ የሆነ ስፍራ። ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀዳል። እኔና ወዳጄ ከፌርፋክስ፣ ከእኛዋ ሊትል ኢትዮጵያ፣ ቋንጣ ፍርፍር አስቋጥረን ነበር የሄድነው። ጎረቤቶቻችን አይብና ወይን ዘርግተዋል። እኛ ክዳኑን ስንከፍት በርበሬው ሦስት ረድፍ ያህል ሰው አዞረ። ለአፍታ ከመድረኩ ይልቅ እኛ ታየን።

መድረኩ ላይ የሎስ አንጀለስ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ተደርድሯል። የሚመሩት ጆን ዊሊያምስ ናቸው፤ የሚመሩትም የገዛ ራሳቸውን ሥራ። በፈረንጆቹ 1932 የተወለዱ ሰው ናቸው። 54 ጊዜ ለኦስካር ታጭተው 5 ጊዜ ወስደዋል። የሻርኩን ፊልም ጆውስን፣ ስታር ዋርስን፣ ኢቲን፣ የዳይኖሰሮቹን ፊልም ስታስቡ ጆሯችሁ ውስጥ የሚመጣው ነገር ከእሳቸው የመጣ ነው። ይህን ሁሉ የጻፉት ደግሞ በእርሳስ ነው። ፒያኖ፣ ወረቀት፣ እርሳስ። ኮምፒውተር የሚባል ነገር አላስጠጉም።

ሽማግሌው በትራቸውን አነሡ። እኛም አነሣን። ከላይኛው ወንበር ቁልቁል ሳይ፣ ኮረብታው በመስቀል ዋዜማ ችቦ እንደያዘ ሰፈር ቦግ ብሏል። ሁሉም ስልክ ነው።

እዚህ ላይ የዘመኑን ሰው ደግነት አለማድነቅ ንፉግነት ነው። ትኬት ገዝቷል። ከሥራ ቀድሞ ወጥቷል። የሎስ አንጀለስን የመኪና መጨናነቅ ችሏል። ቢፈልግ ጆሮውን ከፍቶ ቁጭ ማለት ይችል ነበር። ግን ለራሱ አልሳሳም። ለራሱ ጆሮ የነፈገውን ላልመጣ ሰው ይቀርጻል። አባቶቻችን ቢያዩት ዝም ብለው አያልፉትም፤ ይፎክሩለት ነበር።

አካኪ ዘራፍ!
ቻርጅ የማያልቅበት፣ ክንዱ የማይዝል፣
ሳይሰማ የሚቀርጽ፣ ሳያይ የሚያድል!

ጥበቡንም ልንገራችሁ። ስፍራው ሰፊ ስለሆነ ከመድረኩ ግራና ቀኝ ትልልቅ ስክሪኖች አሉ። ካሜራው የዊሊያምስን ፊት ያነሣል፤ ስክሪኑ ያሳያል። የእኛ ጀግና ስልኩን ወደ መድረኩ አላዞረም። ስክሪኑን ነው የሚቀርጸው። እኔ ደግሞ ክንዱ ስለጋረደኝ የእሱን ስልክ አያለሁ። ሽማግሌው በአካል መቶ ሜትር ርቀት ላይ ቆመዋል። እኔ ጋ የደረሱት በካሜራ፣ በስክሪን፣ በስልክ አልፈው፣ የአውራ ጣት ጥፍር አክለው ነው። ቡና እንኳ ከሦስተኛው በኋላ አይጠጣም።

ፍላሹንም አልረሳም። ቼሎ ተጫዋቾቹ እንዳይጨልምባቸው አዝኖ መሆን አለበት፣ ከዚያ ሁሉ ርቀት አበራላቸው። ብርሃኑ የደረሰው ሁለት ረድፍ ወረድ ብለው የተቀመጡ ሴትዮ ማጅራት ላይ ነው። የኮንሰርቱን አላውቅም እንጂ የማጅራታቸው ቪዲዮ ጥርት ያለ ነበር።

የሻርኩ ሙዚቃ መጣ። የ1975 ሥራ ነው። መጀመሪያ ሁለት ኖታ ብቻ፣ በወፍራሙ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፤ እንደገና፤ እንደገና። ዊሊያምስ እነዚያን ሁለት ኖታዎች ለስፒልበርግ መጀመሪያ በፒያኖ ሲያሰሙት ዳይሬክተሩ ቀልድ መስሎት ነበር። ቀልድ አልነበረም፤ ስንቱን ሰው ከባሕር ዳርቻ አስቀርቷል። የዚህ ሙዚቃ ጉልበቱ በኖታዎቹ መካከል ያለው ዝምታ ነው። ያን ዝምታ ባዶ ለማስቀረት ደግሞ ሕዝባችን አንጀቱ አይችልም። አንዱ ቅድም የቀረጸውን ለማረጋገጥ ድምፁን ሳይቀንስ ከፈተው። በዚያው ቅጽበት ከላይ የሆነ ሰው የወይን ጠርሙስ አመለጠው። በሲሚንቶው ደረጃ ላይ ኳ፣ ኳ፣ ኳ እያለ እስከ ታች ወረደ። ምቱን የጠበቀው እሱ ብቻ ነበር።

ቀጥሎ ኢቲ። ስለዚህኛው ትንሽ ላውራ።

የፊልም ሙዚቃ ደራሲ ሲያስቀርጽ ፊልሙ ፊቱ ላይ በስክሪን ይሄዳል። ብስክሌቷ ስትነሣ ጥሩምባው እኩል መነሣት አለበት፤ በሩ ሲዘጋ ከበሮው እኩል መምታት አለበት። በ1982 የኢቲን መጨረሻ፣ ያን ረጅሙን ክፍል፣ ሲያስቀርጹ ዊሊያምስ ደጋግመው ሞከሩት። አልገጥም አላቸው። ከሥዕሉ ጋር ሲገጥም ሙዚቃው ይሞታል፤ ሙዚቃው ሲድን ሥዕሉ ያልፋል። በመጨረሻ ስፒልበርግ ስክሪኑን አስጠፋው። እንደ ኮንሰርት ምራው፣ ፊልሙን እኔ ለሙዚቃህ ብዬ እቆርጠዋለሁ አለ። ቆረጠውም። ያን ፊልም አይተው ያለቀሱ ሰዎች ያለቀሱት ስክሪን ጠፍቶ በተሠራ ሙዚቃ ነው።

ስፒልበርግ እንግዲህ ይኼን ያህል ነው የሚያውቀው። ያኔ እኛን የመሰለ አማካሪ አላገኘም። እኛ ብንኖር አንድ ስክሪን በጠፋበት ፋንታ አሥር ሺህ እናበራለት ነበር። ያቺው ብስክሌት የተነሣችበት ቦታ ላይ ሲደርስ ከፊቴ ያለው ክንድ ይበልጥ ከፍ አለ። ስክሪኑ ላይ የወጣችውን የፊልሙን ጨረቃ በሁለት ጣቱ አስጠጋ። እውነተኛዋ ጨረቃ ከጀርባችን ወጥታ ነበር፤ ዞር ብሎ ያያት ሰው አላየሁም።

የብርሃን ሰይፍ ይዘው የሚመጡትን ግን አልነካም። ስታር ዋርስ ሲደርስ፣ በተለይ ያ የ1980ው የክፉዎቹ ማርሽ ሲጀምር፣ ትልቅ ትንሹ ቀይና ሰማያዊ የፕላስቲክ ሰይፉን አብርቶ ያወዛውዛል። አጠገቤ አንድ የስድሳ ዓመት ሰው ከልጅ ልጃቸው ጋር ሲያወዛውዙ ነበር። ያስቃሉ። ግን በምቱ ነው የሚያወዛውዙት። በምት ለማወዛወዝ መስማት ያስፈልጋል። በቀረጻው ሙያ ገና ኋላ ቀር ናቸው ማለት ነው።

አንዳንዴ ሳስበው ጥፋቱ ኦርኬስትራ የሚመራው የኮንዳክተር ሙያ ነው። አዝማሪ ቤት ይኼ አይሞከርም። የድሮ ካዛንችስ አዝማሪ ስልክ የደቀነበትን ሰው ካየ መሰንቆውን ወደሱ ያዞራል፤ መላው ቤት እስኪስቅ፦

ዓይንህ ስልክህ ላይ ነው፣ ጆሮህስ የት ሄዷል?
ሽልማቱንም ላከው፣ ቴሌብር ይሠራል።

ኮንዳክተር ምን ያድርግ? ሥራው ሆኖ ጀርባውን ነው የሚሰጠን። አያይም፤ አይገጥምብንም።

አሁን ወደ ወዳጄ ልምጣ። እሱም ከጀግኖቹ አንዱ ነው። የሺንድለርስ ሊስት ዜማ ተጀመረ። ፊልሙ የ1993 ነው፤ ለፊልሙ ቫዮሊኑን የተጫወተው ኢትዛክ ፐርልማን ነበር። ያን ምሽት አንዲት ሴት ብቻዋን ብድግ ብላ ጀመረችው። ጠርሙስ እንኳ አልተንከባለለም። ወዳጄ ስልኩን አነሣ፤ ስልኩ "ስቶሬጅ ፉል" አለው። ላብ ላብ አለው ምስኪን። ጎንበስ ብሎ የሚጠፋ ቪዲዮ መፈለግ ጀመረ። የእህቱን ሠርግ አለፈው። የልጁን ልደት አመነታና አለፈው። ከታች አንድ ረጅም ቪዲዮ አገኘ። ሰረቅ አድርጌ አየሁት፤ የዛሬ ዓመት፣ እዚሁ ቦታ፣ ይኸው ዜማ። አንድ ቀን ከፍቶት አያውቅም። አጠፋው። እንደገና ስልኩን ሲያነሣ ሴትየዋ እጅ ነሥታ ተቀምጣለች። ጭብጨባውን ቀረጸ።

"አመለጠኝ" አለኝ፣ አንገቱን ደፍቶ።

"ለከርሞ ነዋ" አልኩት።

እኔ ራሴ ንጹሕ ነኝ አልልም። አንድ ጊዜ አንሥቻለሁ። ለዚህ ጽሑፍ ማስረጃ እንዲሆነኝ ብዬ የጀግናውን ክንድ ቀረጽሁ። አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ። በዚያ መሃል ምን እንደተጫወቱ ብትጠይቁኝ አላውቅም።

መጨረሻው ሳይደርስ ግማሹ ሰው መነሣት ጀመረ። ጭብጨባው ቀልጦ ሰውየው "አንድ ልጨምር" ብለው ሲመለሱ፣ ከጀርባቸው ሌላ ሰልፍ ወደ መኪናው ይጣደፋል። መኪኖቹ አንዱ በአንዱ ጭራ ላይ ተጠጋግተው ነው የሚቆሙት። የፊተኛው ካልወጣ የኋለኛው አይወጣም። ስለዚህ ቀድሞ የወጣ ሰው ቀድሞ መኪናው ውስጥ ይቀመጣል፤ የመጨረሻውን ዜማ በመስኮት፣ በሩቁ፣ መሪ ይዞ ያዳምጣል። ያን ምሽት ያለ ስልክ የሰሙት እነሱ ሳይሆኑ አይቀሩም።

እኛም ወጥተን መኪናችን ውስጥ ተዘጋን። ምሽት አራት ሰዓት ሆኗል። አዲስ አበባ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ወዳጄ ከቀረጸው ሁሉ ደህና የመሰለውን ለቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላከ። ከሥሩም "ታሪካዊ ምሽት" ብሎ ጻፈ። አንድ የአጎት ልጅ አውራ ጣት ላከ። ሌላዋ እሳት ላከች። ሁለቱም ቪዲዮው አውርዶ ሳያልቅ ነው የላኩት።

ከሩብ ሰዓት በኋላ እናቱ በድምፅ መለሱ። መኪናው ውስጥ ጎላ አድርጎ ከፈተው። ከጀርባቸው ሲኒ ይንኳኳል።

"ልጄ፣ አየሁት። መነጽሬን አድርጌ፣ እስከ መጨረሻው። እንዲያው ያ ሽማግሌ ምን ብታስቀይሟቸው ነው ጀርባቸውን የሰጧችሁ?"