አይፍሬም የዋናውን ገጽ መልክ አይወርስም

ወንድሜ፣ ለደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ሻጮች ድረ ገጽ ለሚሠሩት ልጆች «የዋጋ ዝርዝሩን ፋይል በአይፍሬም (አንድን ገጽ በሌላ ገጽ ውስጥ በሚያሳየው መለያ) ካስገባችሁት የዋናውን ገጽ ፎንትና ቀለም ራሱ ይወስዳል» ያልካቸው ስህተት ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። ግን አይወስድም። አይፍሬም የሚያሳየው ራሱን የቻለ ሌላ ገጽ ነው፤ የዋናው ገጽ ሲኤስኤስ፣ ማለትም ፎንትና ቀለሙን የሚወስነው ኮድ፣ እዚያ ውስጥ አይሠራም። ፋይሉ የራሳቸው ስለሆነ መላው ቀላል ነው፦ የዋጋውን ፋይል ከፍተው፣ ከላይ ሄድ በሚባለው ክፍል ያንኑ የሲኤስኤስ ሊንክ ይጨምሩበት። የሌላ ሰው ገጽ ቢሆን ኖሮ መልኩን መቀየር አይችሉም፤ ባለቤቱ ከከለከለ እንዲያውም ጭራሽ አይከፈትም። የአይፍሬሙን ስፋትና ቁመትም ራሳቸው ይስጡት። ካልሰጡት ብሮውዘሩ 300 በ150 ፒክስል ያደርገዋል፣ ደንበኛው የሚያየውም የዝርዝሩን ጫፍ ብቻ ነው።