ማስተካከያ፦ ስለ ቫሌንሲያ ፓኤያ

ስለ ስፔን ምግቦች ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ ላይ ፓኤያ በባሕር ምግብና በቾሪሶ ቋሊማ የሚሠራ፣ ለእራት የሚቀርብ ሩዝ ተብሎ ተገልጿል። ይህ መታረም አለበት።

ፓኤያ የምሥራቅ ስፔን ምግብ ነው፤ መነሻውም በቫሌንሲያ ከተማ አጠገብ፣ በአልቡፌራ ሐይቅ ዙሪያ ያለው የሩዝ እርሻ አካባቢ ነው። በነባሩ የገበሬዎች አሠራር ዶሮ፣ ጥንቸል፣ ፎሶሊያ፣ ጋሮፎ የሚባል ሰፋ ያለ ነጭ ባቄላ፣ ቲማቲም፣ የወይራ ዘይትና ሳፍሮን የሚባል ቅመም ይገባበታል። በባሕር ምግብ የሚሠራውም በባሕር ዳርቻው የታወቀ ነው። ቾሪሶ ግን ቫሌንሲያውያንን ከልብ የሚያስቆጣ ጭማሪ ነው። ቢቆጡም አይፈረድባቸውም፤ የቋሊማው ቅባትና በርበሬ የሳፍሮኑን ጣዕም ይውጠዋል።

ሩዙ ከተጨመረ በኋላ አይማሰልም። ለዚህም ነው ከሥር ያዝ ብሎ የሚጠበሰው፣ ሶካራት የሚሉትና ሁሉም የሚሻማበት ክፍል የሚገኘው። በ2021 እ.ኤ.አ. የቫሌንሲያ ክልል መንግሥት ፓኤያን ከነአሠራሩ በባህላዊ ቅርስነት እውቅና ሰጥቶታል።

ሰዓቱም እራት ሳይሆን ምሳ ነው፤ በተለይ እሑድ ቤተሰብ ተሰብስቦ፣ እያንዳንዱ በፊቱ ያለውን ከአንዱ ሰፊ መጥበሻ በእንጨት ማንኪያ እያነሣ ይበላል።