ይቺ ነገር ገና አለች?

ማክሰኞ ዕለት ሃያ ሁለት አካባቢ አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ እየጻፍኩ ነበር። ማኪያቶዬ ቀዝቅዟል። የጓደኛዬ የሥራ ባልደረባ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው ልጅ፣ ሰላም ሊለኝ ቆመ። ሰላምታው ሳያልቅ ዐይኑ ላፕቶፔ ላይ አረፈ።

«ጋሼ፣ ይቺ ነገር ገና አለች?»

አለች። እኔም አለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት። እጁን ሰደድ አድርጎ ብድግ አደረጋት። ያልጨረስኩት ዓረፍተ ነገር እንደተከፈተ፣ በግ ተራ እንደቆመ ገዢ ወደ ላይ ወደ ታች እያደረገ መዘናት። «ውይ ክብደቷ! ቅርስ ጥበቃ ያውቃታል?» አለ። ቀጥሎ ኪቦርዱ መሀል ያለችውን ቀይ ነገር በጣቱ ነካ አደረገና «ይቺስ ምንድን ናት? ብጉር?»

ብጉር አይደለችም። ማውዝ ናት። ላፕቶፔ ቲንክፓድ ናት፤ ቲንክፓድ የአይቢኤም ኩባንያ ከነበረበት፣ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ እዚያችው ቦታ አለች። እ.ኤ.አ. በ2005 ሌኖቮ የሚባለው ኩባንያ ሲገዛውም አልነቀላትም። ይሄን ሁሉ ለልጁ አልነገርኩትም። «ሥራ ላይ ነኝ» ብቻ አልኩት። ሊሄድ ሲል የቻርጀሬን ገመድ እስከ ግድግዳው ድረስ በዐይኑ ተከትሎ «ላፕቶፕ ናት ወይስ ዴስክቶፕ?» ብሎኝ ወጣ። ለዚህኛው መልስ አለኝ። እመለስበታለሁ።

በመስኮት አየሁት። መኪናው ውስጥ ገባ። ቪትዝ ናት። እሱ አንደኛ ክፍል ሲገባ የተሠራች ቪትዝ! ሃያ ዓመት ያለፋት መኪና ከሚሊዮን ብር በላይ ሲገዛ እንኳን ደስ ያለህ ይባላል። ግብዣ አለ። «ሞተሯ ገና አልተነካም» ይባልላታል። እኔ እ.ኤ.አ. የ2017 ላፕቶፕ ይዤ ብገኝ ቅርስ ጥበቃ ይጠራብኛል።

ሳይጠየቁ በሰው ዕቃ ላይ መፍረድ መቼ እንደተጀመረ አላውቅም። አባቴ ቤት አልነበረም። አባቴ «ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል» ማለት ይወድ ነበር። ለጫማም፣ ለትዳርም፣ ለመንግሥትም ይህችኑ ነበር የሚጠቅሳት። እኔም ወርሻታለሁ። ከምሳሌዎች ሁሉ እኩል ለዕቃና ለአፍ የምትሠራ ይህቺ ብቻ ትመስለኛለች። ቴፑን በዳንቴል ይሸፍን ነበር። ዳንቴሉን እናቴ ነች የሠራችው፣ ጠርዙ ላይ ትናንሽ አበቦች ነበሩት። ቴፑ የሚከፈት ጊዜ ዳንቴሉ ይነሣል፣ አራት ቦታ ይታጠፋል፣ ወንበር ላይ ይቀመጣል። የሪሞቱ ላስቲክ እስከ ዛሬ አልወለቀም፤ ቴሌቪዥኑ ግን ከሄደ ቆይቷል። እንግዳ ሆኖ መጥቶ «ይሄ ቴፕ ገና አለ?» ያለ ሰው አላስታውስም። «እንዴት አድርገህ ብትይዘው ነው!» ነበር የሚባለው። ያው ጥያቄ ነው እኮ፣ አነጋገሩ ነው የተለየው። ይፈረዳል የተባለው ይሄ ነው።

ወደ ላፕቶፕ ልመለስ። ክረምት ላይ የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ሆነና እናትየው 35 ሺህ ብር ቆጥራ ሰጠችን። ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ ይሄ ብር ያኮራ ነበር። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሬው ከተለቀቀ በኋላ ዶላሩ ከመቶ ዘለለ፣ እኛም ብራችንን ይዘን ወደ መገናኛ ሱቆች ወረድን።

የመጀመሪያው ሻጭ አዲስ አለኝ አለ። ካርቶኑ ያልተከፈተ፣ ቀጭን፣ ብርማ። ልጅቷ ዐይኗ በራ። ውስጡን ስጠይቅ ፕሮሰሰሩ (አንጎሉ በሉት) ደካማው ሴሌሮን፣ ራሙ (በሥራ ላይ የሚይዝበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) 4 ጊጋ፣ ማከማቻው 64 ጊጋ። ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ፣ ነገ ልጨምር ቢባል የማይጨመር። አዲስ ነው፣ እውነት ነው። አዲስ ደካማ ነው።

ሁለተኛው ጋ ገባን።

«ጋሼ፣ ስላይትሊ ዩዝድ ነው፣ ኮር አይ ሰቨን!»

«ስንተኛ ጄኔሬሽን ነው?»

«ኮር አይ ሰቨን ነው እኮ ጋሼ!»

«እሱማ ገባኝ። ስንተኛ?»

«የአሜሪካን ዕቃ ነው።»

«ስንተኛ?»

«ሴት የያዘችው ናት።»

ሴት የያዘችው! ከመኪና ደላላ የተወረሰች ናት። ላፕቶፑን ገለበጥኩት። ከታች ተለጥፎ የነበረ የንብረት ቁጥር በጥፍር ተፍቆ ግማሹ ቀርቷል። የአንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ነበር ማለት ነው። ነውር የለውም፣ እንዲያውም ደስ የሚል ምልክት ነው። ውጭ አገር ትልልቅ ድርጅቶች ላፕቶፖቻቸውን ሦስት አራት ዓመት ተጠቅመው በጅምላ ያስወግዳሉ፣ እየተገለባበጠ እኛ ዘንድ ይደርሳል። ለሥራ ተብሎ የተሠራ ዕቃ ደግሞ ጠንካራ ነው፤ ብሎኑ ይፈታል፣ ራሙ ይጨመራል፣ ኪቦርዱ ይቀየራል። ግን ጎኑ ላይ የተጻፈውን ሳነብ 2620 ይላል። የፕሮሰሰሩ ቁጥር ነው። ከሁለተኛ እስከ ዘጠነኛ ላሉት የመጀመሪያዋ ቁጥር ናት ጄኔሬሽኗ፣ የስንተኛው ትውልድ ፕሮሰሰር እንደሆነ የምትናገረው። 2620 ካለ ሁለተኛ ነው፣ እ.ኤ.አ. የ2011። 8250 ካለ ስምንተኛ። ኮር አይ ሰቨን ማዕረግ ነው፣ ደጃዝማችነት ማለት ነው። የትኛው ንጉሥ የሾመው ደጃዝማች እንደሆነ ሳይነገር ግን ምን ይረባል? የስምንተኛው ዘመን ኮር አይ ስሪ ይሄን ደጃዝማች ከፈረሱ ያወርደዋል።

ስምንተኛ ላይ ሙጭጭ ያልኩት በምክንያት ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደህንነት እድሳት አቆመ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ፕሮሰሰሩ የኢንቴል ከሆነ ባጠቃላይ ከስምንተኛ ጄኔሬሽን በታች አልቀበልም ይላል። የኔዋ ሰባተኛ ናት። በአንድ! ማለፊያው 50 ሆኖ 49 ያመጣ ልጅ ያለው ቤት ያውቀዋል ይሄን ስሜት። ምንም አልጎደላትም። ትከፈታለች፣ ትጽፋለች፣ ስብሰባ ታስገባለች፣ ቪዲዮ ሳትንተባተብ ታሳያለች። ጤነኛን ሰው ጡረታ ውጣ እንደማለት ነው። በዚህ ላይ እንኳን ቀልድ አይመጣልኝም። የእህቴ ልጅ የምታውቀው አንድ ተማሪ መጥቶ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባል ነፃ ሲስተም ጫነልኝ። ሁለት ቀን ተነጫነጭኩ፣ አሁን ለምጄዋለሁ።

ልጅቷ በመጨረሻ ስምንተኛ ጄኔሬሽን ዴል ላቲቲዩድ አገኘች፣ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ ፈጣኑ የዲስክ ዓይነት። ማጠፊያውን ከፍተን ዘጋን፣ ኪቦርዱን አንድ በአንድ ተጫንን። ሻጩ ተናደደ። ይናደድ። ኤስኤስዲ የሌለውን ግን በነፃ ቢሰጧችሁም እንዳትወስዱ፣ ወይም ወስዳችሁ ዲስኩን ቀይሩት። የኔዋ በድሮው ሃርድ ዲስክ ሳለች አብርቻት ቡና ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ አቦል ላይ የይለፍ ቃል ትጠይቀኛለች። ከተቀየረላት ወዲህ ጀበናው ሳይጣድ ትከፈታለች።

ስለመቀየር ካነሣሁ አንድ ሰው አለ። ስድስት ዓመት ሆኖታል፣ አልረሳሁትም። ከዚህችኛዋ በፊት የነበረችኝ ላፕቶፕ ፋኗ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮህ ነበር። አንድ ጠጋኝ ጋ ወሰድኳት። «አጽዳልኝ» አልኩት። አጸዳኝ። 8 ጊጋ ራም ይዛ ገብታ 4 ይዛ ወጣች። ያወቅኩት ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ተመልሼ ብሄድ «ጋሼ፣ ስትመጣም 4 ነበረች፣ እናቴ ትሙት» አለኝ። እናቱ ምን አደረገች? ሥጋ ቤት ግማሽ ኪሎ ላይ ሃምሳ ግራም ቢጎድል ሰፈሩን እናስነሣለን። ግማሽ ራም ሲሄድ ግን «ኮምፒውተር ነገር ነው» ብለን ወደ ቤት እንሄዳለን። የሰውየው ሱቅ ዛሬም አለ። በበሩ ሳልፍ ዘወር ብዬ አላይም። ይሄ ኩርፊያ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። አሮጌ ዕቃ አያዋጣም የሚሉኝ ሰዎች ዕቃው ሳይሆን እንዲህ ያለው እጅ ነው ያስመረራቸው። የዛሬው ጠጋኜ ብሎኑን ፊቴ ነው የሚፈታው። «ቁጭ ብለው ይዩ ጋሼ» ይላል። እኔም ቁጭ ብዬ አያለሁ፣ አምነዋለሁ፣ ግን ፎቶ አነሣለሁ።

ምን እያልኩ ነበር? ልጁ። ቪትዙ ልጅ። ዴስክቶፕ ናት ወይ ያለኝ።

ይሄው አሁን ስለሱ ልጽፍ ስል መብራት ሄደ። ካፌው ጨለም አለ። አስተናጋጇ ከሩቅ አይታኝ ራሷን ነቀነቀች፤ ታውቀኛለች፣ የግድግዳዋን ጠረጴዛ ሁልጊዜ የምትይዝልኝ እሷ ናት። ላፕቶፔ ሁለት ባትሪ አላት፣ አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከኋላ። የኋላው ከሞተ ቆየ፣ የውስጡ 9 ከመቶ ይላል። መልሴ እንዲህ ነበር። የኔዋ ባትሪ ከኋላ በሁለት ጣት ተነቅሎ አዲስ ይገባል። ያንተ ቀጭኗ ላፕቶፕ ግን ባትሪዋ ሲደክም ሆዷ ተከፍቶ ነው። አልገዛሁም እንጂ መግዛት እችላለሁ። ለደመወዝ እገዛለሁ። ያለፈው ደመወዝም እገዛለሁ ብዬ ነበር፣ ግን የእህቴ ልጅ

5 ከመቶ። ሴቭ ላድርግ።