ከዳለስ እስከ ቦሌ፦ እረፍቱ አየር ላይ ነው

ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ያለውን በረራ የማያማርር ሰው አላጋጠመኝም። እግር ያብጣል፣ ወገብ ይይዛል፣ እንቅልፍ ሲመጣ ምግብ ይመጣል፣ ምግቡ ሲነሳ እንቅልፉም አብሮ ይሄዳል። ሁሉም እውነት ነው። 13 ሰዓት ገደማ አንድ ወንበር ላይ መዋል ቀልድ አይደለም። ግን እኔን ከጠየቃችሁ፣ ለገና አገር ቤት የሚሄድ ዲያስፖራ ከእረፍቱ ሁሉ በትክክል የሚያርፈው እነዚያን 13 ሰዓታት ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውም ሥራ ነው፣ አለቃው ይቀየራል እንጂ።

መጀመሪያ ፈቃዱ እንዴት እንደሚገኝ ልንገራችሁ። አሜሪካ ውስጥ የግል አሠሪ ደመወዝ እየከፈለ የዓመት ፈቃድ እንዲሰጥ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም። ይህን አዲስ አበባ ላይ ሳወራ "ባክህ አትቀልድ" ነው የሚሉኝ። እነሱ ጋ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት ቢያንስ 16 የሥራ ቀናት አለ፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ጀርመን ያሉት ዘመዶቻችን በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ ሰው ቢያንስ 20 ቀን በሕግ የተጻፈላቸው ናቸው። እኛ የምናድረው ከአሠሪው ጋር በተዋዋልነው ነው። ጥሩ መሥሪያ ቤት የገባ ሁለት ሦስት ሳምንት ያገኛል። ዩበር የሚነዳው ወይም በሰዓት ተቀጥሮ የሚሠራው ግን ለእረፍቱ የሚከፍለው ራሱ ነው። ያልሠራበት ቀን ዜሮ ነው። ስለዚህ ከጉዞው በፊት ያሉት ወራት የድርብ ሺፍት ወራት ናቸው። ታንክስጊቪንግ ቀን ሌላው ቤቱ ተሰብስቦ ሲበላ የኛ ሰው የሰው ሺፍት ይሸፍናል፣ ለገናችን ሰሞን በተራው እንዲሸፈንለት። አውሮፕላን ላይ ቀበቶ እንኳ ሳያስር የሚያንኮራፋ ሰው ካያችሁ እባካችሁ አትሳቁበት።

በዚያ ሰሞን የዋሽንግተኑ ዳለስ ኤርፖርት ለትዝብት ይመቻል። ፈረንጁ ገናውን ዲሴምበር 25 አክብሮ፣ አዲስ ዓመቱንም ተቀብሎ፣ ዓይኑ ቀልቶ እየተመለሰ ነው። እኛ ታኅሣሥ 29ን ልናከብር ገና መነሳታችን ነው። (በአንድ በረራ ስንት ዓመት ወጣት እንደሚኮን የሚቀለደውን ቀልድ ሁላችሁም ስለምታውቁት እዘለዋለሁ።)

የፈረንጁን ሻንጣ እዩልኝ። አንዲት ተገፊ ትንሽ ሻንጣ፣ ጀርባው ላይ አንድ ቦርሳ፣ አለቀ። ውስጡ ያለው ሁሉ የራሱ ነው። የራሱ ቁምጣ፣ የራሱ የጥርስ ብሩሽ፣ ሳይጨርሰው የሚመለስ የራሱ መጽሐፍ። የኛ ሰው ደግሞ 23፣ 23 ኪሎ የሚሆኑ ሁለት ሻንጣዎች ይገፋል፣ ከዚያ ውስጥ የሱ የሆነው ሁለት ሱሪና ጥቂት ካናቴራ ነው። የቀረው አደራ ነው። የስኳር መለኪያ፣ ከነመርፌውና ከነወረቀቱ። ቫይታሚን በደርዘን። ያገለገለ ላፕቶፕ፣ ክዳኑ ላይ የተቀባዩ ስምና ስልክ በማርከር የተጻፈበት። የልጅ ጫማም አለ፣ ቁጥሩ እንዳይሳሳት እግሩ ደብተር ላይ ተለክቶ፣ በእስክሪብቶ ዙሪያውን ተስሎ፣ በቫይበር ፎቶው የተላከ። ያንን ወረቀት አትሞ ጫማ ቤት ይዞ መዞር ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሚዛኑ ጋ ያለው ትርኢት ለብቻው ነው። ከፊቴ የነበረች ሴት ሻንጣዋ 25 ኪሎ ከምናምን መዘነና መሬት ላይ ዘርግታ ከፈተችው። ሁለት ጃኬት አውጥታ ደረበች፣ አንድ ቡት አውጥታ በእጇ ያዘች፣ አሰበች፣ ከዚያ የራሷን ልብስ ከነከረጢቱ አንስታ ሊሸኛት ለመጣው ወንድሟ ሰጠችው። የሰው አደራ ሄደ፣ የሷ ልብስ ቨርጂኒያ ቀረ። ወንድምየውም ምንም አላላትም። ለሁለቱም ነገሩ እንዲህ መሆኑ የታወቀ ነው።

ከዚያ አንዳንዴ ጥያቄው ይመጣል። ሻንጣህን ያሸግኸው ራስህ ነህ? ሰው አድርስልኝ ብሎ የሰጠህ ነገር አለ? ፈረንጁ ይህን ሳያስብ ይመልሰዋል። የኛ ሰው ጣሪያ ጣሪያ ያያል፤ የሰጡትን ከሚዘረዝር ያልሰጡትን ቢዘረዝር ይቀለዋል። ጥያቄው ግን ልክ ነው። ታሽጎ የመጣ ዕቃ ከፍቶ ሳያዩ መያዝ መዘዝ አለው፣ በዚህ የታሰረ ሰው አለ። ጭንቁ ለጓደኛህ እናት የሚሄድ ነገር ሲሰጥህ "እስቲ ክፈተውና ልየው" ማለቱ ላይ ነው። እኔ አሁን አሁን እላለሁ። ያኮረፈኝ ሰው አለ፣ ይሁን።

ሌላው ዘወትር የሚያስገርመኝ የዊልቸር ሰልፍ ነው። በር ላይ እናቶች ተደርድረው ታያላችሁ፣ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ዘንቢል የሚያህል ቦርሳ ጭናቸው ላይ። ግማሾቹ በእርግጥ እግራቸውን ያማቸዋል። ግማሾቹ ግን እንጦጦ ማርያምን በእግራቸው የሚሳለሙ ናቸው። ልጆቻቸው ዊልቸር የሚያዙላቸው ለእግራቸው ሳይሆን ለእንግሊዝኛው ነው። ፍተሻው የት ነው፣ ባቡሩ የትኛው ነው፣ በሩ ተቀይሯል ወይ፣ ይህን ሁሉ የሚገፋቸው ሰው ያውቅላቸዋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ አየር መንገዶች ይህን እርዳታ ለአካል ጉዳተኛ በነፃ እንዲሰጡ ሕግ አለ። ሕጉን ያወጡት ሰዎች የኛን እናቶች አላሰቧቸውም። እንደኔ ግን በማያውቁት ቋንቋ መሃል ብቻቸውን የቆሙ የ70 ዓመት እናትም እርዳታ ያስፈልጋቸዋል። አዲስ አበባ ላይ ሲደርሱ ከዊልቸሩ ተነስተው ሻንጣቸውን ራሳቸው ሲጎትቱ ያየ ፈረንጅ ግን ተአምር ነው ቢል አይፈረድበትም።

ፍተሻው ሁለቱም ጋ አንድ ነው፣ አካሄዱ ነው የሚለየው። ዳለስ ላይ ጫማ ማውለቅ እ.ኤ.አ. በ2025 ቀርቷል፣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ ግን እ.ኤ.አ. በ2006 እንደተከለከለ ነው። ጠርሙስ ከተገኘብህ ፈታሹ ያሳይሃል፣ ቅርጫት ውስጥ ይጥለዋል፣ ቀጣይ። አንድም ቃል አይባክንም። ቦሌ ላይ ስትመለስ ሕጉ ያው ነው፣ ግን ይወራበታል። ከፊቴ የነበሩ እማማ የእጅ ቦርሳቸው ውስጥ የሁለት ሊትር ጠርሙስ ተገኘ። "ጠበል ነው ልጄ" አሉ። ፈታሹ አንገቱ ላይ ማተብ አለ። ጠርሙሱን ያያል፣ እማማን ያያል፣ አይጥለው ነገር ጠበል ነው፣ አያሳልፈው ነገር ሥራው ነው። በመጨረሻ "እማማ፣ ካልሆነ እዚሁ ይጠጡት" አላቸው። ጠጡለት። የተረፈውን በእጃቸው እየዘገኑ ሰልፉን በሙሉ ረጩን፣ እሱንም ጭምር። የፍተሻው መስመር ቆመ፣ ከኋላ ያለ አንድ ቻይናዊ ፊቱን በመሐረብ ጠረገ፣ ማንም አልተቆጣም። ዳለስ ላይ ይህ ቢሆን ፖሊስ ይጠራ ነበር።

አሁን ወደ አየሩ።

ስልኩ ተዘጋ። ይህችን ደቂቃ ልብ በሏት። ስምንት ሰዓት በሚበልጠን አገር ያለ ዘመድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲደውል እኛ ጋ እኩለ ሌሊት ነው፣ ከእንቅልፍ እየባነንን ነው "ደህና ነኝ" የምንለው። ሱፐርቫይዘሩ ደግሞ ቀን ላይ "ነገ መግባት ትችላለህ ወይ" እያለ ቴክስት ያደርጋል። አየር ላይ ሁለቱም የሉም። ዋይፋይ ሲኖር እንኳ አልገዛም፣ ለገንዘቡ ብዬ አይደለም። ከአትላንቲክ በላይ "አልሰማሁም፣ በረራ ላይ ነበርኩ" ማለት ውሸት የሌለበት ብቸኛ ሰበብ ነው።

ጎረቤት ግን አለ። አሜሪካ ውስጥ ከከተማ ከተማ ስበር አጠገቤ የሚቀመጠው ሰው ማዳመጫውን ይሰካል፣ እስክንወርድ አንተዋወቅም፣ ይህም ደስ የሚለኝ ጊዜ አለ። ወደ አዲስ አበባ ስበር ቀበቶ ሳላስር "የኔ ልጅ፣ አገርህ ወዴት ነው?" ይመጣል። የነቢያት ጾም ነው፣ ኅዳር 15 የገባ። የጾም ምግብ ቀደም ብሎ ማዘዝ እንደሚቻል ማንም ስላልነገራቸው እማማ ሳህኑን ከፍተው ዶሮውን ያዩና ይዘጉታል። ከዚያ ከቦርሳቸው ዳቦ ቆሎ ይወጣል፣ ለእኔ፣ ለመንገዱ ማዶ ወንበር፣ ለሆስተሷም ጭምር። የልጅ ልጃቸውን ሊያሳድጉ ሄደው ክረምቱን በሙሉ አንድ አፓርታማ ውስጥ እንደከረሙ፣ ልጃቸው ማለዳ ወጥታ ማታ እንደምትገባ፣ ጎረቤት የሚባል ነገር አሳንሰር ውስጥ ብቻ እንዳዩ ይነግሩኛል። "አገሩስ ጥሩ ነው፣ ሰው ግን የለበትም" አሉኝ። መልስ አልሰጠሁም፣ ዳቦ ቆሎ አፌ ውስጥ ነበር።

ጎማው መሬት ሲነካ ጭብጨባ፣ ከኋላ ወንበሮች እልልታ። አውሮፕላኑ ሳይቆም የቀበቶ ድምፅ ቀጭ ቀጭ ቀጭ።

ቀጥሎ የፓስፖርት ሰልፍ። አንዱ ለኢትዮጵያውያን፣ አንዱ ለውጭ አገር ዜጎች። አሜሪካዊ የሆነ ሁሉ ሁለተኛው ላይ ይቆማል፣ ምክንያቱም በዜግነት አዋጁ (378/1996) ሌላ ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን ይለቃል፣ ድርብ ዜግነት የለም። ለዚሁ ተብሎ በአዋጅ 270/1994 የመጣው ቢጫ ካርድ ቪዛ ያስቀርለታል፣ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ይለዋል፣ ዜጋ ግን አይለውም። የሚገርመው ወደ ዳለስ ሲመለስ ነው። እዚያ የዜጎች ሰልፍ ላይ ይቆማል፣ መኮንኑ ፓስፖርቱን እየመለሰ "እንኳን ወደ ቤትህ በሰላም መጣህ" ይለዋል። ቦሌ ያለችው ልጅ ያለችው "የሚያርፉበት አድራሻ?" ነው። ሁለቱም ሥራቸውን ነው የሠሩት፣ ግን ሰው ይከፋዋል፣ አይቻለሁ።

ተቀባዩም እንዲሁ። ዳለስ ላይ ጓደኛህ ነፃው መጠበቂያ ቦታ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ "ሻንጣህን ስትይዝ ደውልልኝ" ይልሃል። በር ላይ መቆም ስለማይቻል ደርሶ "ቶሎ ግባ ቶሎ ግባ" ነው፣ ሰላምታው መንገድ ላይ ይደረጋል። ቦሌ ላይ ውጭ፣ መኪና ማቆሚያው ጋ፣ ከንጋት ጀምሮ የቆመ ዘመድ አለ። አበባ የያዘ፣ ተኝቶ የመጣ ሕፃን የያዘ፣ የሥራ ቀን ሆኖ ፈቃድ ጠይቆ የመጣ። እንባው አለ፣ መሳሳሙ አለ፣ "ምነው ከሳህ" አለ፣ ከሌላ አክስት ደግሞ በዚያው ቅጽበት "ወፈርክ" አለ። ይህን ዳለስ የሚተካው ነገር የለውም። እዚሁ ላይ ግን እረፍቱ ያበቃል።

ምክንያቱም እነሱ ዘንድ አንተ እረፍት ላይ ነህ፣ እረፍት ላይ ያለ ሰው ደግሞ ጊዜ አለው። ሻንጣው ሳሎን ውስጥ ይከፈታል፣ አደራው ይከፋፈላል፣ ያልደረሳቸውን ማጽናናት ያንተ ነው። ያልደረስክባቸው ለቅሶዎች አሉ። የታመመ አጎት አለ። ክፍለ ከተማ የተንጠለጠለ የቤት ጉዳይ አለ፣ "አንተ ስትመጣ ይሻላል" ተብሎ ዓመት የጠበቀ። ያ 16 ቀን በሕግ ያለው የአጎቴ ልጅ ራሱ ፈቃዱን የሚጨርሰው እንዲሁ ነው፣ ግማሹን ለሰርግና ለለቅሶ፣ ግማሹን "ሲስተም የለም" እየተባለ በሚመላለስበት ቢሮ። አንድ ቀን እንኳ ቤቱ ተኝቶ ውሎ አያውቅም። ቢውል ደግሞ "ምን ሆነህ ነው? አመመህ?" ነው።

ፈረንጁ እረፍት ሲወጣ ኢሜይሉ ላይ "እስከዚህ ቀን የለሁም" ብሎ ይጽፋል፣ ሰው ሁሉ ይቀበለዋል። እናቱም ጭምር። እኔ እናቴን እንደዚያ ማለት አልፈልግም። ግን ለአክስቶቼ ብችል ደስ ይለኛል።

ሲመለሱ ደግሞ በረራው ይረዝማል። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሙሉ ሰው፣ ሙሉ ሻንጣና እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ በአንዴ ይዞ መነሳት ይከብደዋል፣ ነፋሱም ፊት ለፊት ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ ወርዶ ነዳጅ ይቀዳል። ባለፉት ዓመታት እንደ ደብሊንና ሎሜ ባሉ ከተሞች ቆሟል። ሻንጣው በበርበሬና በሽሮ ሞልቷል፣ ሰው ሰዓቱን እያየ ይቆጣል። አንድ ወዳጄ "በአውሮፓ አቋርጠህ አንድ ቀን አርፈህ ብትሄድ አይሻልም?" ይለኛል። አይሻልም። ትራንዚት ላይ ስልክ ይሠራል። ለሚቀጥለው ጉዞም ቀጥታውን ነው የምቆርጠው፣ ወንበሬም መስኮት ጋ ነው፣ ማንም "ይቅርታ ላልፍ" እንዳይለኝ።