እጇ የለበትም

አንዳንድ ሰው መካድ አያውቅበትም። ያልበዋል፣ ይምላል፣ ይገዘታል፣ መጨረሻ ላይ ራሱን ያጋልጣል። የኢራን መንግሥት መቀመጫ ቴህራን ግን ትችልበታለች። በጎረቤት ኢራቅ፣ ባግዳድ ውስጥ ሮኬት ቢተኮስ፣ ሚሊሻ ቢሰለፍ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ቢመረጥ ቃል አቀባይዋ ፊታቸው ሳይከፋ አንዲት ነገር ይላሉ፦ እጃችን የለበትም። እኔ ለዚህች አነጋገር ከመቀመጫዬ ብድግ እላለሁ።

በሰው አገር፣ በሰው ልጅ መዋጋትን እኛ «የእጅ አዙር ጦርነት» እንለዋለን። እጅ ግን ቢዞርም እጅ ነው። ቴህራን ይህን አማርኛ አትወድም።

የበድር ብርጌድን ነገር እንይ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ኢራንና ኢራቅ እየተፋለሙ ሳለ፣ ከኢራቁ መሪ ከሳዳም ሁሴን የሸሹ ሺዓ ኢራቃውያን ኢራን ውስጥ በዚህ ስም ተደራጁ። ያሰለጠናቸው የኢራን አብዮታዊ ዘብ ነው። ያስታጠቃቸውም እሱው። በገዛ አገራቸው ጦር ላይ ከኢራን ጎን ተሰልፈው ተኮሱ። በ2003 አሜሪካ ሳዳምን ስትጥል ጓዛቸውን ጠቅልለው አገራቸው ገቡ። አለቃቸው ሃዲ አል-አሚሪ ውለው አድረው የትራንስፖርት ሚኒስትር ሆኑ። ታዲያ እጅ የቱ ጋ ነው? ሃያ ዓመት ያሳደጉት ልጅ አባቱ ቤት ቢመለስ አሳዳጊው ምን አጠፋ?

ማርች 2008 ባስራ ላይ የኢራቅ ጦርና የሺዓው ሃይማኖት መሪ የሙቅታዳ አል-ሳድር ሚሊሻ፣ የማህዲ ጦር፣ ተያያዙ። የኢራቅ ፖለቲከኞች ተኩስ ለማስቆም ወዴት ሄዱ? ድንበር ተሻግረው፣ ኢራን፣ ቁም ከተማ። ተኩሱም ቆመ። በዚያው ዓመት አንድ የኢራቅ ባለሥልጣን ሞባይል ይዘው ወደ አሜሪካው ጄኔራል ዴቪድ ፔትሬየስ መጡ። ይህን የተናገሩት ፔትሬየስ ራሳቸው ናቸው። ሞባይሉ ላይ ያለው መልእክት የተላከው የአብዮታዊ ዘቡ የውጭ ዘመቻ ክንፍ ከሆነው ከቁድስ ኃይል አዛዥ ከቃሴም ሱሌይማኒ ነው። ኢራን በኢራቅ፣ በሊባኖስ፣ በጋዛና በአፍጋኒስታን ያላት ፖሊሲ በእኔ ሥር ነው፣ እወቀው፣ ይላል። እዚህም ቢሆን እጅ የለም። ብትፈልጉ ብትፈልጉ የምታገኙት የአውራ ጣት ሥራ ነው።

ምስጋናው ለአሜሪካም ይድረስ። በ2007 ከ160 ሺህ በላይ ወታደር ኢራቅ አስገብታ፣ ከኢራቅ ጋር ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ የምትዋሰነውን አገር «የውጭ ጣልቃ ገብነት ይቁም» ትላት ነበር። ፌብሩዋሪ ላይ ባግዳድ ውስጥ ጋዜጠኞች ጠርታ፣ የኢራን ነው ያለችውን የጦር መሣሪያ ስብርባሪ ደርድራ አሳየች። ማብራሪያ የሰጡት ሰዎች ግን ስማችን እንዳይጠቀስ አሉ። እጅ ሊያጋልጡ መጥተው ፊታቸውን ደበቁ።

እዚህ ላይ ሽሙጤን ላቆየው። ጁን 2014 እስላማዊ መንግሥት ነኝ የሚለው ታጣቂ ቡድን አይኤስ የኢራቋን ከተማ ሞሱልን ሲይዝና የመንግሥት ጦር ሲበተን፣ የኢራቅ ሺዓዎች ታላቅ የሃይማኖት መሪ አያቶላህ አሊ አል-ሲስታኒ ሕዝቡን ለዘመቻ ጠሩ። ወጣቱ ተመመ። የኢራን መሣሪያና አማካሪም ፈጥኖ ደረሰ። ከዘመቱት ብዙዎቹ አልተመለሱም፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ጉዱ የመጣው ኋላ ነው። በ2016 ፓርላማው ሃሽድ አል-ሻዕቢ የሚባለውን የሚሊሻ ስብስብ የመንግሥት ጦር አካል አደረገው። ደመወዙ ከኢራቅ በጀት፣ ማለትም ከኢራቅ ነዳጅ። ውስጡ ካሉት ቡድኖች አንዳንዶቹ ግን የሚሰቅሉት የኢራኑን አያቶላህ የኻሜኔይን ፎቶ ነው። ጥበብ ማለት ይሄ ነው! በሰው ልጅ፣ በሰው ደመወዝ ማዘዝ። እኛ ሰፈር ሰው የሚያዝ ሰው ቢያንስ ምሳ ያበላል።

የኢራቋ ናጃፍ ወጣቶች ጥበብ አይገባቸውም። ሺዓ ሆነው፣ በሺዓ ቅዱስ ከተማ ተወልደው፣ ኖቬምበር 2019 «ኢራን ባራ! ባራ!» (ኢራን ውጪ! ውጪ!) እያሉ የኢራንን ቆንስላ አቃጠሉ። የሌለን እጅ እንዴት ውጪ ይሉታል? በነዚያ ወራት ኢራቅ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰልፈኞች ተገደሉ። ማን ተኮሰ ሲባል ሁሉም መዳፉን ዘርግቶ አሳየ። ንጹሕ።

ጃንዋሪ 3፣ 2020፣ ሱሌይማኒ ባግዳድ ኤርፖርት አርፈው በመኪና ሲወጡ በአሜሪካ ድሮን ተገደሉ። አብረዋቸው የሞቱት አቡ ማህዲ አል-ሙሃንዲስ የሃሽድ ምክትል አዛዥ፣ ካታኢብ ሒዝቦላህ የተባለው የኢራቅ ሚሊሻም መሥራች ነበሩ። ጠቅላይ ሚኒስትር አዲል አብዱል-ማህዲ ለፓርላማው ሲያስረዱ፣ ያን ዕለት ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከሱሌይማኒ ጋር ቀጠሮ ነበረኝ አሉ። ሱሌይማኒ በተገደሉበት ዕለት አንድ ፎቶ ዓለምን አዳረሰ። አመድ የለበሰ እጅ፣ ጣቱ ላይ ቀይ ፈርጥ ያለው ቀለበት። ያን ጊዜ ብቻ እጅ ታየ።

ከዚያ ወዲህ ተመልሳ ጠፋች። ጃንዋሪ 28፣ 2024 ዮርዳኖስ ውስጥ ሦስት የአሜሪካ ወታደሮች በድሮን ተገደሉ። አሜሪካ ጣቷን ኢራቅ ውስጥ ባሉት ሚሊሻዎች ላይ ቀሰረች። ቴህራን የተለመደውን አለች። ጃንዋሪ 30 ካታኢብ ሒዝቦላህ በአሜሪካ ላይ የማደርሰውን ጥቃት አቁሜያለሁ አለ። አክሎም፣ ኢራን ያሉ ወንድሞቻችን እንዴት እንደምንዋጋ አያውቁም፣ ነገር ስናከርም ብዙ ጊዜ ይቃወሙናል ሲል መሰከረላት። በመሃል፣ ጃንዋሪ 29፣ የሱሌይማኒ ተተኪ እስማኤል ቃአኒ ባግዳድ ኤርፖርት ላይ የሚሊሻ ተወካዮችን አግኝተው እንደነበር ሮይተርስ ዘግቧል።

መቼም ለትራንዚት ይሆናል።